ለመቀመጥ የተቀጠሩ

«ሥራው መቀመጥ ነው» አለ አለምሰገድ፤ ሳሉጎቹ ሳቁ። የሚቀልድ መስሏቸው ነው። ለአጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉግ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ መናኸሪያ ጥግ ካለው አደባባይ ገና ሳይነጋ ቆሞ የሚጠብቀው ጎንበስ ብሎ የሚውልበትን ሥራ ነው፤ ማጭዱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ወገቡን ለማን እንደሚያከራይ ሲያሰላ ይነጋለታል። ተቀመጥልኝ ብሎ የቀጠረው ሰው ግን በዘመኑ አላየም። አለምሰገድ አልሳቀም። የፒካፑን ሞተር ሳያጠፋ ወርዶ፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው እያንዳንዱን ከእግር እስከ ራሱ እያየ ይመርጥ ነበር። «የጋይንት ሰው ብቻ! ጎጃሜም ወሎዬም አይምጣብኝ። ጥላ ነው፣ ማራገቢያ አለው፣ ቁርስም ምሳም የማበላው እኔ ነኝ፤ የአንድ ቀን የማሽላ አጨዳ ዋጋ ሳይጎድል ትወስዳላችሁ። ተነሡ ሲሏችሁ ትነሣላችሁ፣ ተቀመጡ ሲሏችሁ ትቀመጣላችሁ፤ የቀረውን ጠበቃው ይናገራል። ኸላስ፣ አለቀ!» አንዱ ሳሉግ «ይኸማ ሥራ አይደለም፣ ጽድቅ ነው እንጂ» ብሎ ፒካፑ ላይ ተሰቀለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ካሰች ይህን ሁሉ የሰማችው ከምድጃዋ አጠገብ ሆና ነው። ለሳሉጎች ሻይና የማሽላ ቂጣ እየሸጠች ብዙ አጨዳ ያሳለፈችበት ቦታ ስለሆነ የቅጥሩ ቋንቋ አይጠፋትም፤ ማን በሰዓቱ እንደሚከፍል፣ የማን እርሻ ውሃ እንደሌለው፣ የማን ካምፕ እባብ እንደሚበዛበት ሰዎቹ ሻይ እየጠጡ ሲያወሩ ትሰማለች። አለምሰገድ እሷን አላያትም። በየዓመቱ ሰሊጥ በተሳቢ የሚያስጭን ሰው ዓይኑ ሩቅ ነው፤ መሬት ላይ ተቀምጦ ቂጣ የሚሸጥ ሰው አይገባበትም። ቢያያት ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር ማለትም አይቻልም፤ ዓይን አውጣ ሰው ድምፁን ለማን ብሎ ይቀንሳል? የምትቀዳው ሻይ ከብርጭቆው ሞልቶ ጣቷን ሲለበልባት ነው የነቃችው። ያኔ ፒካፑ ሰዎቹን ጠቅጥቆ ወደ ቁርስ ቤቶቹ በኩል ታጥፏል።

ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የአለምሰገድ ታናሽ ወንድም ትዕዛዙ ችሎት የሚቀርብበት ቀን ነው። የወንድሙን እርሻ የሚያዝበት እሱ ነበር። ባለፈው ዓመት አጨዳ ላይ የካሰች ታናሽ ወንድም ቢሻው፣ ወባ የጣለው ጓደኛዬ በመኪና ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድልኝ ብሎ ቢከራከረው፣ ትዕዛዙ በአካፋ ጭንቅላቱን መትቶ ጣለው። መኪናው እዚያው ቆሞ ነበር። የቢሻው ነፍስ እስክትወጣ ድረስም መኪናው ከቆመበት አልተነሣም። ፍርድ ቤቱ ትዕዛዙን ጥፋተኛ ነህ ካለው ሰንብቷል፤ የቀረው ቅጣቱ ነው። ዐቃቤ ሕጉም ካሰችን ጠርቶ በግልጽ ነግሯታል። «ከሟች ቤተሰብ ጋር ታርቀናል ሊሉ ነው። ዳኞቹ ዕርቁን ካመኑ ቅጣቱ ይቀልለታል። እናትሽን ይዘሽ ነይና ፊት ለፊት ተቀመጡ። የሚቃወም የሟች ወገን በችሎቱ ካልታየ ነገሩ እውነት ሆኖ ያልፋል።» ዕርቅ የሚባል ነገር ግን አልነበረም። ሽማግሌ ነን ያሉ ሰዎች ወደ ካሰች ቢላኩም ከደጅ ነው የመለሰቻቸው። እናቷ ዘንድማ ማንም ደርሶ አያውቅም።

አለምሰገድ ወንበሩን ሊሞላባቸው መሆኑ ወዲያው ገባት። የጋይንት ሰው ብቻ ማለቱ ግን አልገባትም፤ ቆማ የምታስብበት ጊዜም አልነበራትም። ምድጃውን ለጎረቤቷ ለእመቤት ትታ፣ ሁለት ባዶ ጀሪካን አንጠልጥላ ባጃጅ ያዘች። ባለባጃጁ ለብቻሽ ከሆነ ሰማንያ ብር ነው ሲላት ሳትከራከር ገባች፤ ካሰች ዋጋ ሳትከራከር ስትሳፈር እመቤት ብታያት ታማለች ትል ነበር። የፍርድ ቤቱ ግቢ ገና ጭር ብሏል። ችሎቱ የሚሰየምበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው እስከ ወገቡ ሰማያዊ የተቀባ ነው፤ ለባለጉዳይ የቀረቡት ሦስት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ብቻ ናቸው። ኮርኒሱ አንድ ቦታ ላይ ተቀዶ ተንጠልጥሏል፣ ማራገቢያው ሲዞር ያቃስታል። ወለሉን የምትወለውለው ሴት ቀና ብላ «ገና ነው እኮ እታለም» አለቻት። «ቦታ ልያዝ ብዬ ነው» አለችና ካሰች ሁለቱን ጀሪካኖች ፊተኛው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ አንዱን ለእናቷ፣ አንዱን ለራሷ።

በገንዳ ውሃ ሰው ቦታ የሚይዘው በጀሪካን ነው። ቦኖው መቼ ውሃ እንደሚሰጥ አይታወቅምና ሴቱ ሁሉ ማታ ጀሪካኑን ደርድሮ ይገባል፤ ጠዋት ሲመለስ ጀሪካኑ ካስቀመጠበት ንቅንቅ አይልም። የሰውን ጀሪካን ከወረፋው ያወጣ ሰው ስሙ በየቤቱ ይነሣል። በዚህ ነገር የተፈነከተ አለ፣ በዚህ ነገር የቀረ ጋብቻም አለ። ሌላ ጊዜ ምጣድና ጫማ የሚሰርቀው ሌባ እንኳ ወረፋ የያዘ ጀሪካን አይነካም። ካሰችም ይህን አምና፣ ልቧ ረግቶ፣ እናቷን ልታመጣ ወጣች። ፍርድ ቤትን እንደ ቦኖ ማመኗ ነው ጥፋቷ።

ቤቷ አንድ ክፍል ነው። አልጋው፣ የቂጣው ዱቄት የተቀመጠበት በርሜል፣ ከመተማ ዮሐንስ በኩል የመጣ አንድ የሱዳን ፕላስቲክ ምንጣፍ ሞልተውታል፤ ሌላ ነገር ለማስቀመጥ መጀመሪያ አንድ ነገር ማውጣት ያስፈልጋል። ኪራዩ ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ጨምሯል። እናቷ ወይዘሮ ታንጉ ከጋይንት የመጡት ከትናንት በስቲያ ነው። መንገዱ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ አንድ ሰሞን ይከፈታል፤ በተከፈተ ቀን ደግሞ ሾፌሩ የፈለገውን ዋጋ ይጠራል፤ እሳቸውም አንድ በግ ሸጠው ነው የተሳፈሩት። ቆላውን አይተውት አያውቁም ነበር። ሙቀቱ ፊታቸውን አቅልቶት በሩ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቋት አገኘቻቸው፤ ጥቁር የተነከረውን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ሸፍነው፣ ያቀረበችላቸውን ቂጣ ሳይነኩት። «እማየ፣ ትንሽ ቅመሺ እንጂ፣ ቀኑ ረጅም ነው።» «ጠግቤያለሁ» አሉ እናቷ። ከመጡ ጀምሮ የተናገሩት ቃል ቢሰበሰብ አንድ እፍኝ አይሞላም። ካሰች የዝምታቸውን ምክንያት የምታውቅ ይመስላታል። ቢሻውን ወደዚህ አገር ና ያለችው እሷ ናት። ሥራ ሞልቷል፣ ሁለት አጨዳ ሠርተህ በሬ ትገዛለህ ብላ በስልክ የጠራችው እሷ ናት። እናቷ ይህን አንስተው አያውቁም፤ በለቅሶው ጊዜም በስልክ አላነሡትም፣ ትናንት መቃብሩን ስታሳያቸውም አላነሡትም፤ አፈሩን በእጃቸው ሲያስተካክሉ ቆይተው «ድንጋዩን ማን ደረደረው?» ብቻ አሉ። እኔ ነኝ ስትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ፍርድ ቤቱ ሲደርሱ ካሰች መጀመሪያ ያየችው ጀሪካኖቿን ነው። ግቢው ውስጥ፣ ከአጥሩ ሥር፣ አንዱ በአፉ ተደፍቶ አንዱ ክዳኑ ወልቆ ተጥለዋል። በሩ ጋ ደርሳ ወደ ውስጥ ስታይ ሦስቱም አግዳሚዎች ከዳር እስከ ዳር ሞልተዋል፤ የጠዋቶቹ ሳሉጎች ናቸው። ማጭዳቸውን ፖሊስ በር ላይ ተቀብሏቸው እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። አንዳንዱ ማራገቢያው ሥር ሆኖ ጠግቦ ስለበላ ማንቀላፋት ጀምሯል። አለምሰገድ ነጭ ሸሚዝ ቀይሮ ከግድግዳው ጋር ቆሟል። ተከሳሹ ትዕዛዙ በአጃቢ ፖሊሶች መካከል ከፊት ተነጥሎ ተቀምጧል፤ ከጀርባው ሲታይ ጸጉሩን ዛሬ የተቆረጠ ይመስላል። ካሰች ልትገባ ስትል ችሎት አስከባሪው ፖሊስ ክንዱን በበሩ ላይ ዘረጋ። ወጣት ነው፣ ኮፍያው ለራሱ ይሰፋዋል።

«ሞልቷል።»

«ምን ሞልቷል? የሟች እናት ናቸው እኮ እኒህ! እኔ እህቱ ነኝ። ቦታ ይዤ ነበር፣ ጀሪካኔን ማን አወጣው?»

«ጀሪካን ችሎት ውስጥ አይገባም። ችሎቱ ግልጽ ነው እህቴ፣ ማንም መግባት ይችላል፤ ወንበር ግን የለም፣ ቆሞ መከታተል ደግሞ ክልክል ነው። የሟች ቤተሰቦች ደግሞ ገብተዋል።»

«የማን ቤተሰቦች?»

ፖሊሱ በአገጩ ወደ አግዳሚዎቹ አመለከተ። «ከጋይንት የመጡት። የታረቁት። አቶ አለምሰገድ በመኪና አምጥተዋቸዋል።»

ካሰች የጋይንት ሰው ብቻ ማለቱ አሁን ገባት። ወንበር ማስያዝ ብቻ አልነበረም የሰውዬው ሐሳብ፤ ለቢሻው ዘመድ ቀጥሮለታል። ከአደባባይ፣ በቀን ዋጋ፣ ቁርስና ምሳ ጨምሮ፣ የሚታረቅለት ዘመድ! ገዳይ ስንት ዓይነት ነው? በአካፋ መግደል ላልበቃቸው ወንድማማቾች የሟቹን እናት ከእናትነቷ ማውጣት ቀርቷቸው ነበር፣ ይኸው እሱንም አደረጉት። «ውሸት ነው!» ብላ ጮኸች። «ሳሉጎች ናቸው! ዛሬ ጠዋት ሻይ የጠጡት ከእኔ ዘንድ ነው!» ፖሊሱ ደነገጠ፤ ድንጋጤው ግን ስለ እውነቱ አልነበረም፣ ዳኞቹ ሊገቡ ስለሆነ ነው። «እህቴ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። አቤቱታ ካለሽ ጽፈሽ ሬጅስትራር ታስገቢያለሽ» አለ። አለምሰገድ ጩኸቱን ሰምቶ ዞር አለና አያት። ዛሬ ገና አያት። መልሶም ፊቱን አዞረ።

እናቷ እስካሁን ካሰችንና ፖሊሱን እየተመለከቱ ቆመው ነበር፤ ከዚያ ነጠላቸውን አውርደው እንደ ሐዘንተኛ አጣፍተው አንገታቸው ላይ አሰሩና በተዘረጋው ክንድ ሥር ጎንበስ ብለው አለፉ። ወጣቱ ፖሊስ ክንዱን ሊያወርድ ፈልጎ ተወው። ጥቁር የለበሰች አሮጊት በእጁ መያዝ የት ያደገ ሰው ያደርገዋል? ወይዘሮ ታንጉ በመካከለኛው መተላለፊያ ቀስ ብለው ሄደው ከፊተኛው አግዳሚ ፊት ሲደርሱ፣ «እናቴ፣ ቦታ የለም፣ ውጡ» የሚለውን የአለምሰገድን ድምፅ እንዳልሰሙ ሆነው መሬቱ ላይ ተቀመጡ። እግራቸውን አጥፈው፣ እጃቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው፣ በለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት። ካሰች ፖሊሱን ገፍታ ተከተለቻቸው።

ያንቀላፉት ነቁ። ከፊተኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጠ አንድ ጢሙ የሸበተ ሳሉግ ወደ ወይዘሮ ታንጉ ጎንበስ አለና በለሆሳስ ጠየቃቸው። ቸሩ ይባላል፤ ስሙን ካሰች ያወቀችው በኋላ ነው።

«እማማ፣ የማንዎ ሐዘን ነው?»

«የልጄ። የቢሻው። በሰው እርሻ ላይ በአካፋ ገደሉብኝ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። ከዚያ ቀና አሉና አንድ በአንድ አዩዋቸው። «እናንተ ዘመዶቹ ናችሁ ሲሉ ሰማሁ። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል፣ አንዳችሁንም አላወቅሁ። ከየትኛው ቤት ናችሁ ልጆቼ?»

ቸሩ ወደ አለምሰገድ ዞሮ «ጋሼ፣ ሰው የሞተበት ነገር ነው እንዴ?» አለ። «ቦታህ ላይ ቁጭ በል!» አለ አለምሰገድ በጥርሱ መካከል። ቸሩ ግን ከአግዳሚው ተንሸራትቶ ወረደና ከወይዘሮ ታንጉ ትይዩ መሬት ላይ ተቀመጠ። በእነሱ አገር ሐዘንተኛ መሬት ተቀምጦ ከፍ ያለ ቦታ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ለቅሶ ደራሹ ሹም ቢሆን፣ ባለጸጋ ቢሆን፣ ከመደብ ይወርዳል። ይህን ማንም ጽፎ አልሰጣቸውም፣ ከእናታቸው ጀርባ ላይ ሆነው ነው የተማሩት። አጠገቡ የነበረው ወረደ፣ ቀጥሎም ሌላው፤ ቆቡን አወለቀ ሌላው። የኋላው አግዳሚም ባዶ ሆነ። አለምሰገድ «ተነሡ! የቀን ዋጋችሁን አታገኟትም!» እያለ ያጉረመርማል፤ ማንም አላየውም። አንድ ብቻ አልወረደም፤ ግድግዳው ጥግ ያለ ቀጭን ጎረምሳ፣ ማራገቢያውን እያየ፣ አፉን ከፍቶ፣ እንደተቀመጠ ቀረ። ካሰች በዚያች ሰዓት ያን ጎረምሳ ከትዕዛዙ ይልቅ ጠላችው። ከንጋት ጀምሮ የተጣላችበት አግዳሚ አጠገቧ ባዶውን ተዘርግቷል፤ እሷ ግን ከእናቷ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች።

ዳኞቹ ገቡ። ሁሉም ተነሣ፣ ሁሉም ተቀመጠ፤ ሰብሳቢዋ ዳኛ መነጽራቸውን አስተካክለው ባዶዎቹን ወንበሮችና መሬት የሞላውን ሰው አዩ። ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ የተከሳሹ ጠበቃ ተነሥቷል። ጠበቃው ጥቁር ካባውን ለብሶ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ስለቆየ ከኋላው ምን እንደተደረገ አላየም። «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ በፈጸመው ድርጊት ተጸጽቶ በአገር ባህል ከሟች ቤተሰብ ጋር ታርቋል፤ ቤተሰቦቹም ዕርቁን ለማረጋገጥ ከጋይንት ድረስ መጥተው ይኸው በችሎቱ ተገኝተዋል» አለ። ዐቃቤ ሕጉ ሊቃወም ተነሣ፤ ሰብሳቢዋ በእጃቸው አስቀመጡትና «የሟች ቤተሰቦች ተነሡ» አሉ።

ጎረምሳው ተነሣ። ተነሡ ሲሏችሁ ትነሣላችሁ ተብሏል፣ ተነሡ አሉ፣ ተነሣ። ከኋላው ማንም አለመነሣቱን ያየው ከቆመ በኋላ ነው።

«ምኑ ነህ?» አሉት ዳኛዋ።

«የማን?»

«የሟች።»

ጎረምሳው ወደ አለምሰገድ አየ፣ ወደ ጣሪያው አየ። «ማን ነው የሞተው?» አለ። ከልቡ ነው የጠየቀው። ይህን ያህል ነው እንግዲህ ቢሻው የሚያወጣው፤ ሊታረቅለት የመጣው ዘመድ መሞቱን አልሰማም። ያኔ ቸሩ ከመሬት ተነሣና እጁን አጣምሮ «እመቤቴ፣ ልጅ ነው፣ አይፍረዱበት። እኛ ሳሉጎች ነን። እኒያ ሰውዬ ለመቀመጥ ነው የቀጠሩን። ስለምን እንደሆነ አልነገሩንም» አለ፣ ወደ አለምሰገድ እየጠቆመ።

ወይዘሮ ታንጉ የካሰችን ትከሻ ተደግፈው ተነሡ። ዳኛዋ እርስዎ ማን ነዎት ሲሏቸው እናቱ ነኝ አሉ። ታርቀዋል ወይ ሲሏቸው ካሰች በሕይወቷ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ ተናገሩ። «የሚታረቅ ሰው መጀመሪያ ይለመናል። ደጄን የረገጠ የለም። ልጄ በሕይወቱ ሳለ መኪና ነፈጉት፤ ዛሬ ለእነዚህ ዘመድ ነን ባዮች መኪና አወጡላቸው። ሲሞት አንድ ሰው ደግፎ ያላነሣውን፣ አሁን ወገን ቀጠሩለት! ምነው፣ እናት ደግሞ ያልቀጠሩለት? አልታረቅሁም። ጻፉልኝ፣ ታንጉ አልታረቀችም ብላችሁ ጻፉልኝ።» ትዕዛዙ አቀርቅሯል። ይህ ሁሉ ቁጣ ዓመቱን ሙሉ እናቷ ሆድ ውስጥ ሲንተከተክ ካሰች ለእኔ ነው ብላ ስትፈራው ኖራለች፤ ለእሷ አልነበረም። እፎይታ ተሰማት፣ በመጣበት ፍጥነትም ሄደ።

ምክንያቱም ዳኞቹ እርስ በርስ ተንሾካሹከው ትእዛዝ ሰጡ። የዕርቁ ማቅለያ አልተቀበሉትም፤ ቅጣቱ በታኅሣሥ ቀጠሮ ይነገራል። ይህ ጥሩ ነው። ቀጥለው ችሎቱን ለማታለል የተደረገው ነገር ይጣራ አሉ፤ ይህም ጥሩ ነበር። አለምሰገድ እንዲነሣ ሲታዘዝ ነጭ ሸሚዙን ሳብ አድርጎ ቆመና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የጋይንት ሰዎች ነን፣ የሟች ወገኖች ነን ስላሉኝ ለነፍስ ብዬ በመኪናዬ አመጣኋቸው። የተታለልሁት እኔ ነኝ» አለ። ሳሉጎቹ ይህን ሲሰሙ ከመካከላቸው አንዱ «ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» ብሎ ጮኸ፤ ፖሊሱ ዝም አሰኘው። ካሰችም «ጠዋት በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ!» ብላ ስትነሣ፣ ዳኛዋ ቃልሽን ለፖሊስ ትሰጫለሽ፣ ሥርዓት ያዢ አሏት። ከዚያም የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ተነበበ። አቶ አለምሰገድ አድራሻቸው የታወቀ ስለሆነ ሲጠሩ ይቀርባሉ፤ ሌሎቹ ቋሚ አድራሻ የሌላቸው ስለሆኑ ምርመራው እስኪጣራ ፖሊስ ጣቢያ ይቆዩ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ የሚባለው ይኸኔ ነው። ሕግ እንደተጻፈው ሆነ፣ አንድ ቃል አልተዛነፈም፤ ሲያልቅ ግን ባለመሬቱ በፒካፑ፣ መሬት የሌለው በፖሊስ መኪና ሄደ።

አለምሰገድ ግቢው በር ላይ አገኛት። ሞተሩን አላጠፋም። «ካሰች፣ ነገር አታክርሪ። ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» አላት። ስሟን ያውቀዋል። ይህን ያህል ጊዜ ሲያውቀው ኖሯል። የመለሰችለት መልስ እዚህ የሚጻፍ አይደለም፤ እናቷም ሰምተው አልገሠጿትም። ዐቃቤ ሕጉ ከኋላ ደርሶ ዛሬ አሸንፈናል፣ ደስ ይበላችሁ አላቸው። ካሰች ጀሪካኖቿን ከአጥሩ ሥር አንሥታ፣ ክዳኑን ፈልጋ አጥታ፣ ከእናቷ ጋር ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። የከተማው ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ ዓይን ይወጋ ነበር። ሰሊጥ የሚያበጥሩ ሴቶች መጋዘን በር ላይ አቧራ ውስጥ ተቀምጠዋል። መንታ መንገዱ ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ታንጉ ቆሙ።

«እነዚያ ልጆች ምሳ በልተዋል?» አሉ።

ካሰች ልቧ አልራራላቸውም፤ እውነቱን ለመናገር ተናዳባቸዋለች። በምግብና በጥላ የተገዙ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ጥያቄ ጠይቀው ቢሆን፣ ማን ሞተ፣ የት ነው የምትወስደን ብለው ቢሆን ኖሮ! ግን ቢሻውስ በዚያ አደባባይ ላይ ቢቆም፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ፣ ጥላ ነው ማራገቢያ አለው ቢሉት፣ ምን ብሎ ይጠይቅ ነበር? ንዴቷ ከእነሱ ላይ ተነሥቶ የሚያርፍበት አጣ፣ አጥቶም በረታ። ቤት ገብታ የቀረውን ቂጣ በሙሉ በጨርቅ ጠቀለለች፤ መታወቂያዋን ከዱቄቱ በርሜል ሥር አወጣች፣ ጣቢያው ሩቅ ነው ብላ እናቷን ብትለምንም አልቀርም አሉ።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ያለው የኒም ዛፍ ሥር ወይዘሮ ታንጉ መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ካሰች ወደ መስኮቱ ሄደች። ከውስጥ የተቀመጠው ፖሊስ እስረኞቹን ልታይ እንደመጣች ስትነግረው ቀና ሳይል «ምግብ የሚያስገባ ቤተሰብ ብቻ ነው። በዋስ ለማስወጣትም ቋሚ አድራሻ ያለው የቅርብ ዘመድ ያስፈልጋል። እነዚህ ደግሞ ማንም የላቸውም፣ ሁሉም ከአደባባይ የተለቀሙ ናቸው» አላት። ካሰች መታወቂያዋን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ አለሁ። እህታቸው ነኝ።»

«የማንኛቸው?»

«የሁሉም።»

ፖሊሱ አሁን ቀና አለ። ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። «የእናት ልጅ?» አለ።

«የእናት ልጅ። እናታችን እዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች፤ ካላመንኸኝ ሂድና ጠይቃት።»